የከፋ ጎዳና ካሚዮኖችና «የባቡር መኪና» የሚለው ስም
(የድሮ ፎቶግራፎችን ለሞዴል ሥራ ስለ መመርመር)

የታሪክ ተማሪ ከሚያገኛቸው ማስረጃዎች ሁሉ ፎቶግራፍ እጅግ የሚታመን ይመስላል። የሰው ቃል ሲተላለፍ ይጨመርበታል፥ ይቀነስበታል፤ ደብዳቤም የጻፊውን ፍላጎት ይከተላል፤ ፎቶግራፍ ግን በዚያች ቅጽበት ከመሣሪያው ፊት የነበረውን ነገር ብቻ ይዞ የቀረ ነው ይባላል። ይህ አባባል እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ፎቶግራፍ ነገሩን ያሳያል እንጂ የነገሩን ስም፥ ዘመኑንና ባለቤቱን አይናገርም። ስሙን የሚሰጠው በኋላ የሚመለከተው ሰው ነው፤ ስሕተትም የሚገባው በዚሁ በር ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ጠባብ ነው። በቦንጋ፥ በጂማና በአዲስ አበባ መካከል ቡናና ሌላ ሸቀጥ ያመላልሱ የነበሩትን የድሮ መኪናዎች ከፎቶግራፍ ለይቶ ሞዴላቸውን፥ ማለት ትንሽ አምሳያቸውን ለመሥራት የሚፈልግ ሰው በምን መንገድ መሄድ አለበት? ይልቁንም ከፎቶግራፉ ጀርባ «የባቡር መኪና» የሚል ጽሕፈት ቢያገኝ ቃሉን እንዴት ይቀበለው?

ነገሩ የልጅ መጫወቻ ጉዳይ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ሞዴል ከድርሰት ይበልጥ ጥብቅ ማስረጃ ይጠይቃል እንላለን። ታሪክ ጸሐፊ «ካሚዮኑ ጭነቱን ይዞ ጎጀብን ተሻገረ» ብሎ ቢጽፍ የካሚዮኑን ቀለም፥ የጎማውን ቍጥር፥ በበሩ ላይ ያለውን ጽሕፈት ሳይናገር ማለፍ ይችላል። ሞዴል ሠሪ ግን ማለፍ አይችልም። በሩን አንድ ቀለም መቀባት፥ ጎማውን መቍጠር፥ በበሩ ላይ ፊደል መኖሩንና አለመኖሩን መወሰን አለበት። እያንዳንዱ ውሳኔ አንድ የታሪክ ቃል ነው፤ ያውም ተመልካቹ በዓይኑ አይቶ የሚያምነው ቃል ነው። በቦንጋ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም በተሠራበት በዛሬው ዘመን እንዲህ ያለው አምሳያ ከአንድ ሰው ጠረጴዛ አልፎ ለሕዝብ ሊታይ ይችላል፤ ስለዚህ ጥንቃቄው አይበዛም።

፩. በውል የታሰበው ባቡር

ከፋ የባቡር ሐዲድ አልገባበትም። ነገር ግን ከፋ በባቡር ታሪክ ውስጥ ስሙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተጻፈ አገር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. መጋቢት ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ውል ሦስት ክፍል ነበረው፤ የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፥ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፥ ሦስተኛው ደግሞ ከእንጦጦ እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ ድረስ ነው። ውሉ ለ99 ዓመት የተሰጠ ነበር። እንግዲህ በወረቀት ላይ ባቡር ወደ ከፋ ሊሄድ የታሰበው ከፋ ገና የራሱ ንጉሥ በነበረው ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሲነጻጸር የሚያስገርም ነው። የከፋ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የተማረኩት በ1890 ዓ.ም. መስከረም ሲሆን፥ በጅቡቲ የሐዲዱ ሥራ የተጀመረው በዚያው ዓመት በጥቅምት ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። የመጀመሪያው ኩባንያ በገንዘብ ችግር ወድቆ በፍራንኮ ኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ተተካ፤ አዲሱ ኩባንያም በ1909 ዓ.ም. ሐዲዱን አዲስ አበባ አገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ሦስተኛው ክፍል፥ ማለት ወደ ከፋ የሚወስደው፥ ሳይሠራ ቀረ።

ስለዚህ የከፋ ቡና ወደ ባቡር የሚደርሰው በሌላ ኃይል ነበር፤ በመጀመሪያ በሰው ጫንቃና በበቅሎ፥ በኋላም በካሚዮን። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪኽ ቢበር በ1897 ዓ.ም. ገደማ ከፋን ሲጐበኝ ጉዞው በበቅሎና በእግር ነበር። ካሚዮኑ የመጣው የሐዲዱን ሦስተኛ ክፍል ሊተካ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። የስሙም መደባለቅ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

፪. «ባቡር» የሚለው ቃል

ባቡር የሚለው ቃል በመጀመሪያ ሐዲድ ማለት አልነበረም። ቃሉ በዐረብኛ በኩል ከአውሮፓ ቋንቋ የመጣ ሲሆን መሠረቱ እንፋሎት ማለት ነው። ስለዚህ በእንፋሎት የሚሠራ ሁሉ ባቡር ተባለ። የእህል ወፍጮ ባቡር ነው፤ በባሮ ወንዝ ላይ እስከ ጋምቤላ ይመጣ የነበረው የእንፋሎት ጀልባ ባቡር ነው፤ ሐዲድ ሳያሻው በመንገድ ላይ የሚሄደው የእንፋሎት ሞተርም ባቡር ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው ከባድ የመንገድ ሞተር በአዲስ አበባ ሕዝብ አፍ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ቀርቷል። ያ ባቡር ግን የሰርኪስ እንጂ የምድር ባቡር ኩባንያ አልነበረም፤ በሐዲድም ላይ አልሄደም።

«የምድር ባቡር» የሚለውን ስም ልብ እንበል። «የምድር» የሚል ተጨማሪ ቃል ያስፈለገው «ባቡር» ብቻውን ሰፊ ትርጕም ስለ ነበረው ነው። በዚያ ዘመን ያደገ ሰው ከፎቶግራፍ ጀርባ «ባቡር» ብሎ ቢጽፍ የነገሩን ዓይነት ማለት ይሆናል እንጂ የነገሩን ባለቤት ማለት ላይሆን ይችላል። «የባቡር መኪና» ሲልም ሦስት ነገር ሊል ይችላል፤ ኩባንያው የገዛው መኪና፥ ወደ ለገሃር ጭነት የሚያደርስ መኪና፥ ወይም በባቡር ተጭኖ ከጅቡቲ የመጣ መኪና። ሞዴል ሠሪው በበሩ ላይ የኩባንያ ፊደል መጻፍ የሚገባው በመጀመሪያው ትርጕም ብቻ ነው።

፫. የባለቤትነት ምልክት

የባቡር ኩባንያ በመንገድ ላይ የሚሄድ መኪና መያዙ በዓለም እንግዳ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ አገር ግሬት ዌስተርን የተባለው የባቡር ኩባንያ ሐዲድ ወዳልደረሰበት ወደ ሊዛርድ የሚወስድ አውቶቡስ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። ኋላም እ.ኤ.አ. በ1928 የወጡ ሕጎች ታላላቆቹን የባቡር ኩባንያዎች በመንገድ ማጓጓዝ ፈቀዱላቸው። የእነዚህ ኩባንያዎች መኪናዎች የባለቤታቸው ስምና ቀለም ስላለባቸው በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ በጣም የተወደዱ ናቸው። የእነርሱን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ግን ያንኑ ልማድ ሳይመረምር ወደ አገራችን ፎቶግራፍ ቢያመጣ ይሳሳታል።

በአገራችን የባለቤትነት ማስረጃ ተብሎ ሊቈጠር የሚችለው በመኪናው ላይ የሚነበብ ጽሕፈት፥ የታርጋ ቍጥሩ የተመዘገበበት መዝገብ፥ ወይም የኩባንያው የንብረት መዝገብ ነው። ጽሕፈቱ ራሱ ዘመን ይናገራል። የፍራንኮ ኢትዮጵያ ኩባንያ በፈረንሳይኛ «ሴ.ኤፍ.ኤ.» በሚሉ ፊደሎች ይታወቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1981 በኋላ ድርጅቱ የኢትዮ ጅቡቲ ሲሆን ፊደሎቹ «ሴ.ዴ.ኤ.» ሆኑ። «ሴ.ዴ.ኤ.» የሚል ጽሕፈት ያለበት ፎቶግራፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው ቢባል ፊደሉ ራሱ ይመሰክርበታል።

መኪናው በጣቢያ ግቢ ቆሞ መታየቱ ግን ባለቤትነትን አያረጋግጥም። የለገሃር ግቢ የነጋዴው፥ የመንግሥቱና የኩባንያው መኪና ሁሉ የሚገናኝበት ስፍራ ነበር። እንዲሁም በኢጣልያ ወረራ ዘመን በሐዲዱ ላይ የገባውን ሊቶሪና የተባለውን ባለሞተር ፉርጎ ከፊት ለፊት ብቻ ያየ ሰው አውቶቡስ ሊለው ይችላል። እግሩ ሥር ሐዲድ መኖሩን ማየት የመጀመሪያው ሥራ ነው።

፬. ስፍራውና ዘመኑ

ስፍራን በተመለከተ «ከፋ» የሚለው ስም ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን የከፋ ጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማ ጂማ ነበረች፤ ግዛቱም ጂማን፥ ሊሙን፥ ጊሚራንና ማጂን ጭምር ያጠቃልል ነበር። ዛሬ ከፋ ዞን የሚባለውና ቦንጋ ዋና ከተማው የሆነው አገር ከዚያ አንዱ ክፍል ብቻ ነው፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ በአሮጌ ፎቶግራፍ ጀርባ «ከፋ» ቢል ጂማ ከተማ ማለት ሊሆን ይችላል። ከጂማ ቦንጋ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በመካከሉም የጎጀብ ሸለቆ አለ። ልዩነቱ ለመንገድ ታሪክ ትንሽ አይደለም።

ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው። 1946 የሚል ቍጥር በእኛ አቈጣጠር ከሆነ በአውሮፓውያን 1953 እና 1954 ላይ ይውላል። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት በመኪና ታሪክ አንድ ሙሉ ትውልድ ነው።

ከጽሕፈቱ ውጭ ሥዕሉ ራሱ የሚሰጠው የዘመን ምልክት አለ። ኢትዮጵያ የተሽከርካሪን ጉዞ ከግራ ወደ ቀኝ የለወጠችው በ1956 ዓ.ም. ሰኔ ነው፤ ስለዚህ በከተማ ጎዳና ላይ ብዙ መኪናዎች በግራ ሲሄዱ ከታዩ ፎቶግራፉ ከዚያ በፊት የተነሣ ነው። ይህ ምልክት ግን ለከተማ እንጂ ለገጠር አይሠራም፤ በጠባብ የጠጠር መንገድ ላይ ሾፌር ሁሉ መካከሉን ይይዛል። ላንድሮቨር ከተገኘም ጠቃሚ ነው፤ መሥራት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ሲሆን፥ መብራቶቹ ከመካከል ተነሥተው ወደ ፓራፋንጎዎቹ የወጡት በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። በአንድ ፎቶግራፍ ውስጥ ካሚዮኑ የማይታወቅ ሆኖ ከበስተኋላው የቆመው ትንሽ መኪና ዘመኑን ሊነግረን ይችላል።

፭. የመኪናው ዓይነት

ዓይነቱን ለመለየት ከስሙ ሳይሆን ከአካሉ መጀመር ይሻላል። የጋራጅ ሠራተኞቻችን አብዛኛውን ከኢጣልያንኛ የወረሱት ቃል ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ መሣሪያ ነው፤ ጋቢና፥ ኮፈን፥ ፓራፋንጎ፥ ስፖንዳ፥ ቸርኬ፥ ባሌስትራ፥ ታርጋ። እነዚህን በተራ እየጠየቁ መልሱን በወረቀት ማስፈር ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ኮፈኑ ከጋቢናው ፊት ወጥቶ ይታያል ወይስ ጋቢናው በሞተሩ ላይ ተቀምጧል የሚለው ነው። በኢጣልያ ወረራ ዘመን በብዛት የመጡት ከባድ ካሚዮኖች ፊት ኮፈናቸው የወጣ ነበር። ከእነዚህ ዋናው ፊያት 634ኤን ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1939 የተሠራ የናፍጣ ካሚዮን ነው፤ የአገራችን ሾፌሮች በቍጥሩ መጨረሻ «ትሬንታ ኳትሮ» ይሉት ነበር። ላንቺያ ሮ የተባለው ከ1932 ጀምሮ፥ ተከታዩ ላንቺያ 3ሮ ደግሞ ከ1938 ጀምሮ የተሠሩ ናቸው። ጋቢናቸው በሞተር ላይ የሆነው ፊያት 626 እና 666 ግን የመጡት በ1939 ገደማ ነው። ከነጻነት በኋላ ጎዳናውን የያዘው ፊያት 682 እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣ ሲሆን ጋቢናው በሞተር ላይ ነው፤ ከእርሱ ዝርያ አንዱ በአገራችን «ኤንትሬ» በሚል ስም እጅግ የታወቀ ሆኗል።

ሁለተኛው ጥያቄ መሪው በየት በኩል ነው የሚለው ነው። የኢጣልያ ከባድ ካሚዮኖች መሪያቸው በቀኝ ነበር። ሦስተኛው የአክሰሉና የጎማው ቍጥር ነው፤ ከኋላ ነጠላ ወይስ ድርብ ጎማ ነው? ተሳቢ ይጐትታልን? አራተኛው ታርጋው ነው፤ የኢጣልያ ንጉሣዊ ጦር መኪናዎች «ሬጂዮ ኤሴርቺቶ» ለማለት የሁለቱን ቃላት መጀመሪያ ፊደሎች በታርጋቸው ላይ ይይዙ ነበር። እንዲህ ያለ ታርጋ ያለበት ካሚዮን በዚያች ቀን የጦር ሠራዊት ንብረት ነበር ማለት ነው፤ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ግን ያው ካሚዮን የነጋዴ ሊሆን ይችላል። ባለቤት ይለወጣል፥ አካል ይቈያል። ይህን የዘነጋ ሰው በአንድ ሞዴል ላይ የሁለት ዘመን ምልክት አደባልቆ ያኖራል።

የድሮ ሾፌሮችንና ረዳቶችን ለመጠየቅ ዕድል ያገኘ ተማሪም በዚሁ ሥርዐት ይሂድ። «ይህ የባቡር ኩባንያ መኪና ነበርን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አክብሮት ያለው «አዎን» ያገኛል፤ ሽማግሌው እንግዳን ማሳፈር አይወድምና። «ጋሼ፥ መሪው በየት በኩል ነበር? ስፖንዳው እንጨት ነበር ወይስ ቆርቆሮ? ደመወዝ የሚከፍለው ማን ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ዕውቀት ያገኛል። ከእነዚህም የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ባለቤትነት ከሁሉ የበለጠ ይናገራል።

፮. ልኩና ቀለሙ

ዓይነቱ ከታወቀ በኋላ ልክ ይመጣል። ፎቶግራፉ በጣቢያ የተነሣ ከሆነ ጥሩ ሜትር በውስጡ አለ፤ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ስፋቱ ልክ 1 ሜትር ነበር። ከሐዲዱ በእኩል ርቀት የቆመ ነገር ሁሉ በዚህ ሊለካ ይችላል። ሐዲድ በሌለበት በከፋ ጎዳና ላይ ደግሞ ጎማውን ሜትር ማድረግ ይቻላል። ለምሳሌ መኪናው ከጎኑ የተነሣ ሆኖ በፎቶግራፉ ላይ የጎማው ቁመት 10 ሚሊ ሜትር፥ ከፊት አክሰል እስከ ኋላ አክሰል ያለው ርቀት 43 ሚሊ ሜትር ቢሆን፥ የጎማው እውነተኛ ቁመት 1 ሜትር ከሆነ የአክሰሎቹ ርቀት 4 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይህን ከፋብሪካው ሠንጠረዥ ጋር ማስተያየት ነው። መኪናው ዘወር ብሎ ከተነሣ ግን ርዝመቱ አጥሮ ስለሚታይ ስሌቱ አይሠራም።

በ1 ለ87 መጠን ለሚሠራ ሰው የ1 ሜትሩ ሐዲድ 11 ሚሊ ሜትር ከግማሽ ይሆናል፤ በ1 ለ43 ደግሞ 23 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በትንሹ መጠን የአንድ ሚሊ ሜትር ስሕተት በእውነተኛው መኪና ላይ 8 ሳንቲ ሜትር ከ7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም አንዱን የካሚዮን ዓይነት ከሌላው ሊያደባልቅ ይችላል።

የጭነት ቍጥርም ልክን ይፈትናል። ለውጭ አገር የሚላክ የቡና ጆንያ 60 ኪሎ ይይዛል፤ 100 ጆንያ የጫነ ካሚዮን 6,000 ኪሎ ተሸክሟል ማለት ነው። በሥዕሉ ላይ የሚቈጠረው ጆንያ ከመኪናው ዓይነት አቅም እጅግ የሚበልጥ ከሆነ ወይ ዓይነቱን እንደ ገና እንመርምር፥ ወይ ጆንያው የያዘው ቡና አይደለም።

በቀለም ረገድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ያታልላል። ኦርቶክሮማቲክ የተባለው የድሮ ፊልም ቀይን አያይም፤ ቀዩን ጥቁር፥ ሰማያዊውን ነጭ አስመስሎ ያወጣል። ስለዚህ ጥቁር መስሎ የሚታይ በር ቀይ ሊሆን ይችላል። በኋላ የመጣው ፓንክሮማቲክ ፊልም ይሻላል፤ ቢሆንም ቀለምን ከግራጫ ማወቅ አይቻልም። ኔጋቲቩ ተገልብጦ የታተመ እንደ ሆነም ቀኙ ግራ ይሆናል፤ ይህን ለመፈተን በሥዕሉ ውስጥ ያለ ጽሕፈት ሁሉ በቀጥታ መነበቡን ማየት ይበቃል።

፯. አንድ ምሳሌ

ሥርዐቱን ለማሳየት እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ቀረበልን እንበል። በሁለት ወገን ዛፍ ባለበት የጠጠር መንገድ ላይ ጆንያ የጫነ ካሚዮን ቆሟል፤ ከፊቱ ሾፌሩና ሁለት ረዳቶች ይታያሉ፤ ከጀርባው «የባቡር መኪና፥ ከፋ፥ 1946» ተብሎ በእጅ ተጽፏል።

በመጀመሪያ አካሉን እናያለን፤ ጋቢናው በሞተሩ ላይ የተቀመጠ ሲሆን መልኩ የፊያት 682 ነው። ይህ ካሚዮን እ.ኤ.አ. ከ1952 በፊት አልነበረም። እንግዲህ 1946 የአውሮፓውያን ዓመት ሊሆን አይችልም፤ የእኛ ከሆነ ግን ይስማማል። ቍጥሩ የኛ አቈጣጠር ነው ማለት ነው። ቀጥለን ስፍራውን እናያለን፤ በ1946 ዓ.ም. ከፋ ጠቅላይ ግዛቱ ስለ ነበረ ፎቶግራፉ ከጂማ አካባቢ ይሁን ከቦንጋ በጽሕፈቱ ብቻ አይወሰንም፤ ተራራው፥ ድልድዩ፥ የቤቱ አሠራር ይመርመር። በመጨረሻ «የባቡር» የሚለውን እናያለን። በበሩ ላይ ፊደል የለም፤ ታርጋው አይነበብም። ስለዚህ ቃሉ ጭነቱ ወዴት እንደሚሄድ የሚናገር ሊሆን ይችላል እንጂ የመኪናውን ባለቤት አላረጋገጠም።

ሞዴሉም እንዲሁ ይሠራል፤ ፊያት 682፥ በሩ ያለ ጽሕፈት፥ በሥሩም «ቡና የጫነ ካሚዮን፥ ከፋ ጠቅላይ ግዛት፥ 1946 ዓ.ም.» የሚል መግለጫ። በሩ ላይ «ሴ.ኤፍ.ኤ.» ቢጻፍበት ሞዴሉ ያምር ይሆናል፤ ነገር ግን በፎቶግራፉ ያልነበረ ምስክር ይጨመርበታል። ጀርባው ላይ ያለው ጽሕፈት ግን አይጣል፤ ተገልብጦ ከሞዴሉ ጋር ይቀመጥ። ጽሕፈቱ ስለ መኪናው ባይመሰክር እንኳ ስለ ጻፊው ይመሰክራል፤ ለእርሱ ካሚዮን ማለት ወደ ባቡር የሚያደርስ ነገር እንደ ነበረ ያሳያል።

፰. ከፎቶግራፉ ውጭ የቀሩት

ፎቶግራፉን ማን አነሣው ብሎ መጠየቅም የመለየቱ ሥራ ክፍል ነው። በወረራው ዘመን ሉቼ የተባለው የኢጣልያ መንግሥት የፊልም ተቋም ያነሣቸው ሥዕሎች በጣም ግልጽ ስለ ሆኑ ሞዴል ሠሪ ይወዳቸዋል፤ ቸርኬና ባሌስትራ ሳይቀር ይቈጠርባቸዋል። ነገር ግን የተነሡት የወራሪውን መንገድና መኪና ለማስመስገን ነው። በዚያው መንገድ ላይ ድንጋይ የፈለጠው ሰው፥ በቅሎውን ወደ ዳር አውጥቶ ካሚዮኑን ያሳለፈው ነጋዴ ከሥዕሉ ጠርዝ ውጭ ቀርተዋል። በቤተሰብ እጅ ያሉት ፎቶግራፎች ደግሞ የደበዘዙ ናቸው፤ ቢሆንም በእነርሱ ላይ ሾፌሩ ከነረዳቶቹ በፊት ይቆማል፤ መኪናው ከኋላቸው ነው። ሁለቱን ዓይነት ጎን ለጎን ማኖር ይገባል፤ ለቸርኬው የመጀመሪያው፥ ለታሪኩ ሁለተኛው ይጠቅማል።

በዚህ ላይ የባለቤትነት ጥያቄ ለምን እንዳከበድነው ግልጽ ይሆናል። የባቡር ኩባንያ በ1886 ዓ.ም. ውል ወደ ከፋ ሊዘረጋው የታሰበውን ሐዲድ አልዘረጋም። የከፋን ቡና እስከ ለገሃር ያደረሱት ተሸካሚዎች፥ በቅሎ ነጂዎች፥ ነጋዴዎች፥ ሾፌሮችና ረዳቶች ናቸው። ማስረጃ ሳይኖር በአንድ ካሚዮን በር ላይ የኩባንያውን ፊደል የሚጽፍ ሰው በወረቀት የቀረውን ባቡር በቀለም ወደ ቦንጋ ያስገባዋል፤ በእውነት የሠሩትን ሰዎች ድካምም ላልሠራው ይሰጣል። ፊደሉ ትንሽ ነው፤ በ1 ለ87 መጠን ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም፤ የሚያዛንፈው ታሪክ ግን ትንሽ አይደለም።

ስለዚህ ለተማሪ ጓደኞቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በቤተሰባችሁ ዘንድ የመኪና ፎቶግራፍ ካለ ፊቱንም ጀርባውንም ገልብጣችሁ አስቀምጡ፤ ዋናውን ከባለቤቱ እጅ አትውሰዱ። ለእያንዳንዱ ፎቶግራፍ አንድ ወረቀት ይኑረው፤ በወረቀቱም ላይ በዓይን የሚታየው በአንድ ዐምድ፥ ከጀርባው የተጻፈው በሁለተኛው፥ ሽማግሌዎች የተናገሩት በሦስተኛው፥ እኛ የደመደምነው በአራተኛው ይጻፍ። አራቱ ዐምዶች እስካልተደባለቁ ድረስ ከእኛ በኋላ የሚመጣ ተማሪ መደምደሚያችንን ቢነቅፍ እንኳ ማስረጃውን ሳይበላሽ ያገኘዋል። መምህራኖቻችንም ይህን መሰሉን ሥራ ከመንገድና ከንግድ ታሪክ ጥናት ጋር አያይዘው ቢመሩት፥ የከፋ ጎዳና ካሚዮኖች ከነሾፌሮቻቸው በትክክለኛ ስማቸው ይታወቃሉ።